ዘጠኝ ቀይ ክብ በአንድ ገጽ ማመልከቻ ላይ፦ «ዘ» እና «ኤ» የት ነው የሚገቡት?

ቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒ፣ ሰኞ ማታ 2፡15

እንደምን አመሻችሁ። ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽንና የኮምፒውተር ጽሑፍ የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የማባዛው መታወቂያና የኪራይ ውል ነው፤ ጠቀም ያለ ገንዘብ የማገኘው ግን ከሥራ ማመልከቻ ነው። ሰው ታሪኩን በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ። ለአንድ ገጽ 50 ብር።

ባለፈው ሳምንት በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች ልጅ አስጽፋኝ ሄደች። ዛሬ ወረቀቱን እንደ ያዘች ተመለሰች። ካስገባችበት መሥሪያ ቤት አንዲት ሠራተኛ በክፋት ሳይሆን በእኅትነት «አስተካክለሽ ብታመጪው ይሻልሻል» ብላ በቀይ እስክሪብቶ እየከበበች መልሳላታለች። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ክብ። ከዘጠኙ አንዳንዶቹ የተከበቡት ባዶ ቦታ ላይ ነው። ፊደል ሲሳሳት አይቻለሁ፤ ባዶ ቦታ ሲሳሳት ግን ያየሁት ገና ዛሬ ነው።

እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ልጻፈው፤ ድምፁን እየሰማችሁ አንብቡት (ፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው)፦

«አይ አም አካውንታንት።»
«አይ ግራጁዌትድ ፍሮም ዘ ዩኒቨርሲቲ።»
«አይ ሃቭ ዘ ቱ ይርስ ኦፍ ዘ ኤክስፒሪየንስ።»
«አይ ካን ዩዝ ኮምፒውተር።»
«አይ ሃቭ ሊትል ኖውሌጅ ኦፍ ዘ ፒችትሪ።»
«አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ጆብ።»
«ዘ አካውንቲንግ ኢዝ ማይ ላይፍ።»

እውነቱን ለመናገር «ዘ»ን የምጨምረው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልፈሰፍስብኝ ነው፤ ወጥ ሲያልጭ ጨው እንደሚጣለው ማለት ነው። ተማሪ ሳለሁ የተነገረኝ «ዘ ለታወቀ፣ ኤ ላልታወቀ» የሚል ብቻ ነበር። ለማን ለታወቀ? እኔ እንደሆነ የምጽፈውን ሁሉ አውቀዋለሁ። «ሊትል» ለምን በወፍራሙ እንደ ተከበበችም ጨርሶ አልገባኝም። የሚያስረዳኝ ካለ አመሰግናለሁ።

ሳቂታው፣ ሰኞ ማታ 2፡31

መጀመሪያ 50 ብሯን መልስላት። ከዚያ ሰዋስው እንማራለን።

ቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒ፣ ሰኞ ማታ 2፡34

ስሰጣት አልቀበልም ብላ ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። ከክቦቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

የአያት ልጅ፣ ሰኞ ማታ 2፡50

ወንድሜ፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። መጀመሪያ በአማርኛ አስበው። ስሙ መጨረሻ ላይ «ው» ወይም «ኡ» ወይም «ዋ» ካለበት «ዘ» አድርግ። ከሌለበት «ኤ» አድርግ። እኔ ማትሪክን ያለፍኩት በዚህ ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ሰኞ ማታ 3፡40

ኮተቤ አካባቢ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የአያት ልጅ ያልከው ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ግማሽ መንገድ ላይ የሚያወርድ ታክሲ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እናንተ የከተማ ዳር ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ግማሹን ልመርቅልህ። «ወንበር ገዛሁ። ወንበሩ በሳምንቱ ተሰበረ።» የመጀመሪያው «ኤ ቼር» ነው፤ ሁለተኛው «ዘ ቼር» ነው። እኛ «ኡ»ን ከኋላ እንቀጥላለን፣ እነሱ «ዘ»ን ከፊት ያስቀድማሉ፤ ሐሳቡ አንድ ነው። እስከዚህ ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው።

ከዚህ በኋላ ኮረኮንች ይጀምራል። «ቤቱ ተሸጠ» ብልህ ምን ትረዳለህ? የምናውቀው ቤት ተሸጠ ማለት ሊሆን ይችላል። የእሱ ቤት ተሸጠ ማለትም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ለሁለቱም የሚጠቀመው ያንኑ «ኡ» ነው። ስለዚህ «እጁን ታጠበ» የሚለውን በአንተ ሕግ ብትተረጉመው ሰውየው የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ ሲያጥብ ልታገኘው ነው። እንግሊዝኛው «ሂዝ ሃንድስ» ነው የሚለው፤ የእሱን እጆች። ተማሪዎቼ «ዘ ፋዘር ኬም» ብለው ሲጽፉ አባታቸው መምጣቱን ይሁን ቄስ መምጣቱን ሳልለይ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በተቃራኒው ደግሞ አማርኛችን ምንም ሳይጨምር እንግሊዝኛው «ዘ»ን የሚጠይቅበት ቦታ አለ። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ «ፀሐይዋ ወጣች» ካልን ስለ ሙቀቷ የምናማርር እንመስላለን። እነሱ ግን «ዘ ሰን» ነው የሚሉት፤ አንዲት ስለሆነች ሁሉም ሰው የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። «መንግሥት ወሰነ» ብለን እንጽፋለን፤ «ዘ ገቨርንመንት» ነው። «ፖሊስ መጣ» እንላለን፤ «ዘ ፖሊስ» ነው።

አሁን ወደ ጠየቅኸው ልምጣ። «ለማን ለታወቀ?» ያልከው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን የጠየቀኝ ተማሪ ከሦስት አይበልጥም። መልሱ «ለአንባቢው» ነው። የጸሐፊው ማወቅ አይቆጠርም። «ትናንት አንድ ሰው አገኘሁ» ስትል ሰውየው አማችህ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ከነ ልጆቹ ስም ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን ስለማላውቀው «አንድ ሰው» አልከኝ። «ኤ» ማለት ይኸው ነው። አንባቢው «የትኛው?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚያልፈው ከሆነ «ዘ» ትላለህ። «የትኛው?» ብሎ የሚቆም ከሆነ «ዘ» ያልከው በባዶ ሜዳ ነው።

ከዚህ ጥያቄ በፊት ግን ሌላ አለ፤ ስሙ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የሚቆጠር ነጠላ ስም በእንግሊዝኛ ብቻውን አይቆምም። ወይ «ኤ»፣ ወይ «ዘ»፣ ወይ «ማይ»፣ ወይ «ዚስ»፣ አንድ ነገር ይቀድመዋል። በቀይ የተከበበው ባዶ ቦታ ምስጢሩ ይህ ነው።

ወደ ወረቀቷ እንመለስ። «አይ አም አካውንታንት» የሚለው «አን» ይጎድለዋል። እኛ «ሐኪም ነኝ»፣ «ሾፌር ነኝ» ስንል ምንም አንጨምርም፤ «አንድ ሐኪም ነኝ» ያለ ሰው ይሳቅበታል። እንግሊዝኛው ያቺን «አን» የግድ ይፈልጋል።

«ፍሮም ዘ ዩኒቨርሲቲ» ስትል አንባቢዋ «ከየትኛው?» ብላ ቆማለች። ስሙን ጻፍላት። ስሙም የራሱ ጠባይ አለው፤ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ምንም አይቀድመውም፣ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ሲባል ግን በ«ኦፍ» የተያያዘ ስለሆነ «ዘ» ይቀድመዋል።

በልምዷ ላይ የጫንካቸውን ሁለት «ዘ» አውርዳቸው። «ኤክስፒሪየንስ» የሥራ ልምድ ሲሆን አይቆጠርም። «አን ኤክስፒሪየንስ» ካልክ ግን ገጠመኝ ሆነ። አማርኛ ሁለት ቃል ያለው ነገር በእንግሊዝኛ በአንዲት «አን» ይለያል ማለት ነው። «ዩዝ ኮምፒውተር» የሚለው ወይ «ኤ ኮምፒውተር» ወይ በብዙ ቁጥር «ኮምፒውተርስ» ይሁን። «ኢን ጆብ» የሚለው «ኢን ዘ ጆብ» ይሁን፤ ማስታወቂያውን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ የትኛው ሥራ እንደሆነ ያውቁታል። «ዘ አካውንቲንግ» ላይ ያለውን «ዘ» አንሣው፤ የትምህርት ዘርፍ ባዶውን ነው የሚሄደው። ሒሳብ አያያዝ ሕይወቴ ነው ማለቷንም ብታወጣላት መልካም ነው፤ ይህኛው ግን የሰዋስው ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ያዝ፦ የማይቆጠር ስም «ኤ»ን ፈጽሞ አይወስድም። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ኖውሌጅ»፤ እነዚህ ፊት «ኤ» ካየሁ ግማሽ ነጥብ እቀንስ ነበር።

የአያት ልጅ፣ ሰኞ ማታ 3፡58

መምህር፣ እጅ ሰጥቻለሁ። ግን ማትሪክን ማለፌን ማንም አይወስድብኝም።

ከቡራዩ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡20

እኔም መምህር ነኝ፣ ቡራዩ። ተማሪዎቼ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። አፋን ኦሮሞም እንደ አማርኛ ከኋላ ነው የሚቀጥለው፤ «ነመ» ሰው ነው፣ «ነሚቻ» ሰውየው። ስለዚህ ልጆቹ ስሙን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው «ዘ» ትዝ የምትላቸው። ደብተር ሳርም በሁለት ቃላት መካከል ተጨናንቃ፣ ከመስመሩ ከፍ ብላ የገባች ሚጢጢ «ዘ» አያለሁ። ታክሲ ከሞላ በኋላ በጎን የተጨመረ ተሳፋሪ ትመስላለች። ሳያት ደስ ይለኛል፤ ልጁ ተመልሶ አስቧል ማለት ነው።

የእኔን ክፍል ዘወትር የሚያሸንፈን ግን ሌላ ነው። «ውሻ ታማኝ ነው» እንላለን፤ ስለ ውሻ ዘር በጠቅላላ። ልጆቹ «ዶግ ኢዝ ፌይዝፉል» ብለው ይጽፋሉ። መምህር እንዳሉት ነጠላ የሚቆጠር ስም ብቻውን ስለማይቆም ይህ አይሆንም። «ዶግስ አር» በብዙ ቁጥር፣ ወይም «ኤ ዶግ ኢዝ»። «ዘ ዶግ ኢዝ» ካሉ ደግሞ ሰሚው ግቢው ውስጥ ያለውን ውሻ ዞር ብሎ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን «ዘ» ለዘር በሙሉ የሚጠቀሙት የሳይንስ መጻሕፍት ናቸው።

አንድ አንባቢ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡45

በትግርኛ «እቲ መጽሓፍ» ብለን ከፊት ስለምናስቀድም ቦታው ላይ አንቸገርም። «አይ አም ቲቸር» ላይ ግን ከእናንተ ጋር እኩል ወድቀናል።

ፊደል ቆጣሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡05

«ኤ» እና «አን» የሚለዩበትን እስካሁን ማንም አላነሣም። በትምህርት ቤት «ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ በሚባሉት አምስት ፊደላት ለሚጀምር ቃል አን» ተብለን ተምረናል፤ ይህ ሕግ ስንቱን ሰው «አን ዩኒቨርሲቲ» አስብሎታል። ሕጉ የሚከተለው የላቲኑን ፊደል ሳይሆን ድምፁን ነው። ድምፅ ከሆነ ደግሞ ከእኛ ፊደል የተሻለ መሣሪያ የለም!

ቃሉን እንደሚነበበው በአማርኛ ፊደል ጻፈው። በ«አ» ቤት ከጀመረ፣ ማለትም በአ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ፣ «አን» በል። በሌላ በማንኛውም ቤት ከጀመረ «ኤ» በል። ሞክሩት፦ ዩኒቨርሲቲ በ«የ» ቤት ነው፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። ዩኒፎርምም እንዲሁ። አምብሬላ በ«አ» ቤት ነው፣ «አን አምብሬላ»። ሁለቱም በላቲኑ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው! አወር፣ ሰዓት ማለቱ ነው፣ በላቲኑ ሲጻፍ ፊቱ ላይ የማትነበብ «ሀ» አለችው፤ በእኛ ስንጽፈው ግን የለችም፣ «አን አወር»። ሆቴል «ሀ»ው ይሰማል፣ «ኤ ሆቴል»። ዋን በ«ወ» ቤት ነው፣ ስለዚህ «ኤ ዋን ይር ኮንትራክት»። ምሕጻረ ቃል ላይም ይሠራል፦ «አን ኤቲኤም»፣ «አን ኤንጂኦ»፣ «አን አይዲ»፣ ግን «ኤ ዩኤን ኦፊስ»።

ጡረተኛው መምህር፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡30

ይህን ያኔ ባውቀው ኖሮ ስንት ጠመኔ አተርፍ ነበር።

ተርጓሚ፣ ማክሰኞ ቀትር 6፡10

ፊደል ቆጣሪ ግሩም ነገር አነሣህ፤ ሁለት ነገር ልጨምርበት። አንደኛ፣ መሣሪያው የሚሠራው ቃሉን በትክክል የሚያነብ ሰው እጅ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ዓመት የሚለውን ቃል «ኢር» ብለን ስለምናነብ «አን ኢር» እንላለን። «አን ኢር» ግን ጆሮ ነው። ዓመት «ይር» ነው፤ «ኤ ይር»። «ቱ ይርስ» ብሎ በ«ይ» ለጻፈው ለባለሱቁ ምስጋና ይድረሰው፣ ቢያንስ እሱን አግኝቷታል። ሁለተኛ፣ «ዘ» ራሷም ከ«አ» ቤት ፊት ስትነበብ ወደ «ዚ» ትሄዳለች፤ «ዚ አካውንታንት»። አጻጻፏ ግን አይለወጥም።

አሁን ስለ «ሊትል» ልመልስ። ከዘጠኙ ክብ ልጅቱን ሥራ የሚያሳጣት እሱ ነው፤ በወፍራሙ መከበቡ ልክ ነው። «ሊትል ኖውሌጅ ኦፍ ፒችትሪ» ማለት «ፒችትሪን እምብዛም አላውቅም» ማለት ነው። «ኤ ሊትል ኖውሌጅ» ቢሆን «ጥቂት አውቃለሁ» ይሆን ነበር። በአንዲት «ኤ» መኖርና አለመኖር ልጅቱ ከምታውቅ ወደማታውቅ ተሻገረች። «ፊው» እና «ኤ ፊው»ም እንደዚሁ ናቸው፤ «አይ ሃቭ ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለ ሰው ጥቂት ጓደኞች አሉት፣ «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» ያለ ሰው ግን ብቸኝነቱን እየነገራችሁ ነው። ፒችትሪ ደግሞ የሶፍትዌር ስም ስለሆነ «ዘ» አያስፈልገውም። እኔ ብሆን «ትንሽ አውቃለሁ»ን ጨርሶ ትቼ «ኤ ጉድ ኖውሌጅ ኦፍ ፒችትሪ» ብዬ እጽፍላት ነበር፤ በእርግጥ የምታውቀው ከሆነ።

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ ላርምዎ ነው። «ኖውሌጅ» የማይቆጠር ስም ነው፤ ሆኖም «ኤ ጉድ ኖውሌጅ ኦፍ» ማለት ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። ቅጽል ሲቀድመውና የምን ዕውቀት እንደሆነ ሲገለጽ «ኤ» ይገባል። «ፈጽሞ» ያሏት ቃል ናት የበዛችው።

ጡረተኛው መምህር፣ ማክሰኞ ቀን 8፡00

ተቀብያለሁ። የቀነስኩት ግማሽ ነጥብ ያለበት የቀድሞ ተማሪ እዚህ ካለ ይምጣና ይውሰድ። እንዲያውም ራሴ ልጨምርልህ፤ ሻይ ቤት ገብተን «ሁለት ቡና፣ አንድ ሻይ» ብለን የማይቆጠረውን እንደምንቆጥረው እነሱም «ኤ ኮፊ» ይላሉ፤ የቆጠሩት ሲኒውን ነው።

ነርሷ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡30

እኔ ሱሉልታ ነኝ፣ ለውጭ አገር የቋንቋ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። በልምምድ ጽሑፌ ላይ ስለ ቤተሰቤ ስጽፍ «ማይ ብራዘር ኢዝ ኢን ፕሪዝን» አልኩ። የምታስጠናኝ ልጅ አንብባ ዝም አለች። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ስንት ዓመት ተፈረደበት?» አለችኝ። ወንድሜ የማረሚያ ቤት ጥበቃ ነው!

ተርጓሚ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡52

እኅቴ፣ ይህን የመሰለ ምሳሌ የትም አይገኝም። «ኢን ፕሪዝን» ያለ «ዘ» ሲሆን ሰውየው እዚያ ያለው ቦታው በተሠራበት ጉዳይ ነው፤ ታስሯል። ለሌላ ጉዳይ ከሄደ ሕንፃው ሕንፃ ሆነ፣ «ዘ» ይገባዋል፤ «ሂ ዎርክስ አት ዘ ፕሪዝን»። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጅሽ ሊማር ሲሄድ «ቱ ስኩል» ነው፤ አንቺ የወላጅ ስብሰባ ስትጠሪ «ቱ ዘ ስኩል» ነው። ለጸሎት «ቱ ቸርች»፣ ጣሪያውን ሊጠግን የሄደው አናጢ «ቱ ዘ ቸርች»።

ለአንቺ ሙያ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው፦ የተኛ ሕመምተኛ በእንግሊዞች አነጋገር «ኢን ሆስፒታል» ነው፤ አሜሪካኖች ግን ለሕመምተኛውም «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አትደባልቂያቸው።

ነርሷ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡05

ለወንድሜ ነገርኩት። «እዚያው ስለምውል ስለማድርም ልዩነቱ አይታየኝም» አለ።

ሾፌር፣ ማክሰኞ ማታ 2፡40

እንግዶችን እንጦጦን ተሻግሬ ወደ ደብረ ሊባኖስ የምወስድ ሾፌር ነኝ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከተሳፋሪ ነው። አንዲት እንግዳ «ዘ ሌክ ጣና» ባልኩ ቁጥር ቀስ ብላ «ሌክ ጣና» ትለኝ ነበር። ሐይቅ «ዘ» አይፈልግም ብዬ ያዝኩ። ቀጥዬ ያለ «ዘ» «አዋሽ ኢዝ ሎንግ» ስል «ዚ አዋሽ» አለችኝ። ውኃ ውኃ ነው፤ አንዱ ለምን ይለያል?

ጡረተኛው መምህር፣ ማክሰኞ ማታ 3፡15

ለምን ለሚለው ጥሩ ምክንያት ልሰጥህ አልችልም፤ እዚህ ላይ ልማድ ነው የሚገዛው። ወንዝ፣ ባሕርና ውቅያኖስ «ዘ» ይወስዳሉ፦ «ዚ አዋሽ»፣ «ዘ ብሉ ናይል»፣ «ዘ ሬድ ሲ»። ሐይቅ አይወስድም፦ ሌክ ጣና፣ ሌክ ላንጋኖ። አንድ ተራራ አይወስድም፣ ማውንት እንጦጦ፤ የተራሮች ሰንሰለት ግን ይወስዳል፣ «ዘ ሰሜን ማውንቴንስ»። አገር አይወስድም፣ «ኢትዮጵያ» ብቻ፤ «ሪፐብሊክ» የሚለው ከነ ማዕረጉ ሲጠራ ግን ይወስዳል፣ «ዘ ፌዴራል ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኦፍ ኢትዮጵያ»። መንገድ አይወስድም፣ ቸርችል አቬኑ። ሙዚየም ይወስዳል፣ «ዘ ናሽናል ሙዚየም»። ድርጅት በፊደላቱ ስም ተነጣጥሎ ሲነበብ ይወስዳል፣ «ዘ ዩኤን»፣ «ዚ ኤዩ»፤ እንደ አንድ ቃል ሲነበብ አይወስድም፣ ዩኔስኮ።

ከተነሣ አይቀር አንድ የሽማግሌ ወግ ልጨምር። ዲያቆን የነበረ ተማሪ ነበረኝ። «ዘ ቡክ» የሚለውን ሁልጊዜ «የመጽሐፉ» ብሎ ይተረጉመዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ዘ የ ማለት አይደለም እንዴ፣ መምህር?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በግዕዙ «ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይባላል። ግዕዙ ራሱ እንዲህ ያለ የታወቀ ነገር ማመልከቻ ቃል የለውም። «አን» የምትለዋ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ «አንድ» ከሚለው ቁጥር የወጣች ናት። ከእኛ «አንድ» ጋር መመሳሰሏ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ለተማሪ ማስታወሻ ግን አጋጣሚም ይጠቅማል።

ሳቂታው፣ ማክሰኞ ማታ 3፡22

ይህን ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ ያርመው የለም እንዴ?

ቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒ፣ ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ሞክሬዋለሁ። «አይ አም አካውንታንት» የሚለውን ወዲያው አርሞልኛል። «ሊትል ኖውሌጅ» ላይ ግን ምንም አላለኝም፤ ሰዋስዉ ትክክል ነዋ! ልጅቱ ፒችትሪን እንደምታውቅ ኮምፒውተሩ በምን ያውቃል?

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፦

«አይ አም አን አካውንታንት። አይ ሃቭ ቱ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ። አይ ካን ዩዝ ኤ ኮምፒውተር፣ ኤንድ አይ ሃቭ ኤ ጉድ ኖውሌጅ ኦፍ ፒችትሪ። አይ አም ኢንተረስትድ ኢን ዘ ጆብ።»

የዩኒቨርሲቲውን ስም በትክክል አስገብቻለሁ። ሕይወቴ ነው የምትለዋን አውጥቻታለሁ።

ቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒ፣ ረቡዕ ቀን 9፡45

ልጅቱ አሁን መጥታ ነበር። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን «ዘ ጆብ» ላይ አድርጋ «እዚህ ለምን ዘ ሆነ?» አለችኝ። መምህር እንዳስተማሩኝ፣ ማስታወቂያውን ያወጡት እነሱ ስለሆኑ የትኛው ሥራ እንደሆነ ያውቁታል ብዬ በኩራት አስረዳኋት።

«ያወጡት እኮ ሦስት ቦታ ነው» አለች። ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የንብረት ክፍል ሠራተኛ።

ሁለታችንም ወረቀቱን ስናይ ቆየን። «ዘ ፖስት ኦፍ ጁኒየር አካውንታንት» ብዬ ለውጬዋለሁ። መብራት ስለ ጠፋ እስካሁን አላተምኩትም፤ ልጅቱ በሩ ላይ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች ነው።